«ዘር» ስትሉ የቱን ዘር ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዜና ያነበብኩት እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ነው። «ስለ ግብረ ሰዶማውያን ቤተሰብና ስለ ዘር የምታጠና ምሁር» ይላል ርዕሱ። ከሥሩ አራት ዓረፍተ ነገር አለ። በቃ። ስሟ የለም። ምን አጠናች? ምን አገኘች? እሱም የለም። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስልኩ ላይ አይቶት «ደግሞ የየትኛው ብሔር ናቸው ሊሉን ነው?» አለኝ። ሳቅኩ። ልጁ ግን እየቀለደ አልነበረም። ወዲያው ሌሎቹ ገቡበት፣ ጩኸት ሆነ፣ አንዱ «መግደል ነው!» ሲል ቡናዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

በልጁ አልፈርድም። ያሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ። «ዘር» የሚለው ቃላችን ብዙ ይሸከማል። ገበሬው የሚዘራውም ዘር ነው፣ ልጅ ሲታጭ ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረውም ዘር ነው፣ በፖለቲካው የምንባላበትም ዘር ነው። አሜሪካኖቹ «ሬስ» (race) የሚሉት ዘር ግን ሌላ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ተብሎ የሰው ኑሮ በቆዳ ቀለም የተከፈለበትን ታሪክ ነው። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ በ16 ግዛቶች ጥቁርና ነጭ መጋባት በሕግ ክልክል ነበር። ክልከላውን የሻረው ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ሲፈቅድም ያንኑ የ1967 ፍርድ ጠቅሷል። እንግዲህ እዚያ ቤተሰብና ቀለም ተያይዘው ቢጠኑ ምን ይገርማል? ይህችን ሁለት መስመር ብትጨምሩ ምን ነበረበት።

መምህር ነኝ፤ የጎደለ ነገር ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጄን አስቸግሬ በዚህ ጉዳይ የተጻፈ አንድ ጥናት አስወረድኩ። የሚኞን ሙር ነው፤ ኒውዮርክ ባርናርድ ኮሌጅ የምታስተምር ጥቁር አሜሪካዊት ሶሲዮሎጂስት ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ይህ ጥናቷ አንድ ቤት ውስጥ አብረው ልጅ ስለሚያሳድጉ ጥቁር ሴት ጥንዶች ነው። ልጁ የአንደኛዋ ነው። ሌላዋ በእኛ አነጋገር እንጀራ እናት ናት ማለት ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ጥናቶች በብዛት ያዩት ነጭና የተማሩ ጥንዶችን ስለነበር «የቤቱን ሥራ እኩል ይካፈላሉ» ይሉ ነበር። እሷ ጥቁሮቹ ቤት ስትገባ ሌላ ነገር አገኘች። ወላጇ እናት የቤቱን ሥራ ይበልጥ ትሠራለች፤ በዚያው ልክ ስለ ልጁም ስለ ቤቱም የምትወስነው እሷ ትሆናለች። ቀለሙ የገባው እዚህ ላይ ነው፤ የአንዱን ሰፈር ሰው አይቶ ለሁሉም መፍረድ አይቻልም ነው ነገሩ።

ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። አባቴ በሬ ይጠምዳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ሸንጎ ይቀመጣል። ጤፉ ግን ከጎተራ መቼ ይውጣ፣ ስንት ቁና ይውጣ የምትለው እሷ ነበረች። አባቴ እንኳ ይጠይቃታል።

መቼም «መምህሩ ተበላሹ» የሚል አይጠፋም። ሕጉን አውቃለሁ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ይከለክላል። እሑድ እሑድ የት እንደምቆምም ሰፈሩ ያውቃል። ሰው እንዴት እንደሚኖር የተጻፈን ማንበብ ግን በየትኛው አንቀጽ ነው ወንጀል የሆነው? እኛም እኮ ተጠንተናል። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ በጃንሆይ ጊዜ እኔ እስከተወለድኩበት ዳሞት መጥቶ ርስታችንንና ዝምድናችንን አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል። ርስት በአባትም በእናትም እንደሚቆጠር፣ ሰውም እንደ ክርክሩ ይህንን ወይም ያንን ዋና አባት (ርስቱን መጀመሪያ የያዘውን አያት) እንደሚጠራ ጽፏል። ያኔ «ፈረንጅ ስለ አያቴ ምን አገባው» ያለ ይኖር ይሆናል።

ደግሞስ ቤተሰብ ማን ነው የሚለው ለእኛስ መቼ ቀሎን ያውቃል? የጡት ልጅ አለን፣ የክርስትና ልጅ አለን፣ አበ ልጅ አለን። የአክስቴን ነገር ልንገራችሁ። ባሏ ሲሞትባት እንደሷው ባል የሞተባትን ጎረቤቷን «ነይ አብረን እንሁን» አለቻት። 19 ዓመት በአንድ ጣሪያ ኖሩ። ለትምህርት ማርቆስ ስመጣ ያሳደጉኝም ሁለቱ ናቸው (ነገር እንዳታጣምሙብኝ፣ ሁለቱም ጾም የማይፈቱ ባልቴቶች ነበሩ)። ጎረቤቷ ስትሞት የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ መጣ። አባሏ አክስቴ ናት፤ ለባል፣ ለልጅ፣ ለእህት የሚከፈለው ደግሞ ይለያያል። «ሟቿ ምንሽ ናት?» አላት። አክስቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ዝም አለች። ምን ትበል? ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ፣ መልሶ አወጣ፣ «እህት» ብሎ ጻፈ። ድንኳኑ ተተከለ።

ልመናዬ ዜናውን መልሳችሁ እንድትጽፉት ነው። የምሁሯን ስም ጻፉ፣ ያገኘችውንም ጻፉ። «ዘር» ከማለት «የቆዳ ቀለም» በሉ። ለሰዎቹም ስድብ ያልሆነ ስም ስጡ፤ «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች» ብትሉ ወረቀቱ አይቀደድም። ቦታ ከጠበባችሁ ከስፖርቱ ቀንሱ፤ የአርሰናልን ወሬ አንድ ሳምንት ብናጣ ምንም አንሆንም።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ