ይድረስ ለመስፍን፣ ከቅዳሜው ውይይት በፊት

መስፍኔ፣ እንደምን ከረምክ? ጠፍቼብሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። አንተም ብትሆን ስልክ አንሺ አይደለህም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ላይ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ወግ አጥባቂዎች ልትናገር ነው ሲሉኝ ልቤ አላርፍ አለኝ። አዳራሹን የሚሞላው የኛው ስደተኛ እንደሆነ እናውቃለን። «እኛ ባዶ እጃችንን መጥተን ሰው ሆነናል፣ እነሱ ግን…» እያለ ጥቁር አሜሪካውያንን የሚንቅ ሁሉ ጥቁሩን ወግ አጥባቂ የኢኮኖሚ ምሁር ቶማስ ሶዌልን ካንተ ነጥቆ ዱላ ያደርገዋል።

ስለዚህ በሶዌል አትክፈት። በባርነት ተወልዶ የጥቁሮች መምህርና መሪ በሆነው በቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጀምር። በ1881 አላባማ ውስጥ በተከፈተው ትምህርት ቤቱ በተስኪጊ፣ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ጡብ ሲሠሩ ሦስት ጊዜ በእቶን አቃጥለው ሦስቴም ከሸፈባቸው፤ ሰውየው ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ አራተኛው ተሳካ። እዚህ ላይ ይጨበጨብልሃል። ግን አትቁም! በ1895 አትላንታ ላይ «ፖለቲካው ይቆይ፣ ሥራና ሙያ ይቅደም» ዓይነት ንግግር አድርጎ ነጮቹን ያስደሰተ፣ በ1903 ጥቁሩ ምሁር ዱ ቦይስ የነቀፈው ሰው፣ በስውር ለጠበቃ እየከፈለ ጥቁሮችን ከመምረጥ የሚያግደውን የአላባማን ደንብ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስሞግቷል። ክሱ በዚያው በ1903 ወደቀ። በስውር ያደረገው የትምህርት ቤቱ ህልውና በነጭ ለጋሾችና ጎረቤቶች ፈቃድ ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ይህን ከዘለልከው፣ ሐሳቡ ሁሉ «ሥራና ዝም በል» ይመስላል።

ደግሞ ራስን መውቀስና ወግ አጥባቂነትን አታደባልቅ። ማልኮም ኤክስ መጠጥ ተዉ፣ የራሳችሁን ሱቅ ክፈቱ ሲል ሪፐብሊካን ያለው የለም። ኦባማም በ2008 የአባቶች ቀን፣ ቺካጎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ልጆቻቸውን ጥለው የሄዱ አባቶችን ገሥጿል። ወግ አጥባቂው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በ1995 በካንሳስ ሲቲ ትምህርት ቤቶች የዘር መለያየት ክስ ላይ ያለውን ግን በደንብ አስረዳ፦ ፍርድ ቤቶች ጥቁሮች የበዙበት ነገር ሁሉ የበታች ነው ብለው መነሳታቸውን ነው የተቃወመው። ለኔ ይህ ንቀት ሳይሆን ኩራት ነው፤ በፍርዱ ባልስማማም።

ኮሜዲያኑን ቢል ኮስቢን ተወው። ድሃ ጥቁር ወላጆችን የገሠጸበትን የ2004 ንግግሩን ብታነሳ፣ ጥያቄው ሁሉ በሴቶች ላይ ፈጸመ ስለተባለው ወሲባዊ ጥቃት ይሆንብሃል።

ሶዌል መጨረሻ ላይ ይምጣ። ከካሪቢያን የመጡ ጥቁሮች የተሻለ ኑሮ ስላገኙ ቆዳ ብቻውን ምክንያት አይሆንም ይላል። ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ግን ስደተኛ ተመርጦ የሚመጣ ሰው ነው። የኛው ዲቪ እንኳ 12ኛ ክፍል መጨረስን፣ ካልሆነም የሁለት ዓመት የሙያ ልምድ ይጠይቃል። በሩን ለአፍሪካ የከፈተውም የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፤ ያጸደቀው ምክር ቤት በዚያው ዓመት የጥቁሮችን የምርጫ መብት ሕግ ያወጣው ነው፤ የኛ በር ከነሱ ትግል ጋር አብሮ ተከፈተ ማለት ነው። ይህን ስትናገር ቀስ በል፣ አዳራሹ ይከብደዋል።

ሌላም ነበረኝ… እሱ በስልክ ይሁን፣ ካነሳህ።

ያዘጋጀኸውን እስከ ሐሙስ ላክልኝ። ጥያቄና መልሱን ማን እንደሚመራም ንገረኝ፤ ያ የምናውቀው ሰው ከሆነ ግን ማይክሮፎኑን ከእጅህ እንዳታወጣ።