ቅሬታ፦ ልጄ ለማይፈተነው ፈተና ስለሸጣችሁልኝ ኮርስ

ለትምህርት ማማከር ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ
ለንደን

ጉዳዩ፦ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ልጄ እዚሁ እንግሊዝ አገር ተቀጥሮ እየሠራ፣ የዲጂታልና ቴክኖሎጂ ሶሉሽንስ ዲግሪውን አፕረንቲስሺፕ በሚባለው፣ ሥራና ትምህርት በተጣመረበት ሥልጠና ይማራል። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። እናንተ ዘንድ የመጣሁት በአማርኛ ስለምታስረዱ ነበር። ሠራተኛችሁ ግን «የመጨረሻው ምዘና እንደ ማትሪክ ነው፤ ካልተለማመደ ይወድቃል» አለኝና የጥያቄ ባንክና የቅዳሜ ኮርስ ሸጠልኝ። በዚያ ላይ «የምዘና መመዝገቢያ» የሚል ሌላ ሒሳብ ተጨመረ።

ልጄ ወረቀቱን ሲያይ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከፋዩ እኔ ነኛ።

በዚህ ዲግሪ የመጨረሻው ምዘና የክፍል ፈተና አይደለም። ልጁ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሠራውን ፕሮጀክት በሪፖርት ያቀርባል፤ ይጠየቅበታል። በሥልጠናው ጊዜ ያጠራቀመውን የሥራ ማስረጃ፣ ፖርትፎሊዮ የሚሉትን፣ ይዞም ከመዛኞች ጋር ይወያያል። ለምን እንዲህ ሠራህ? ሌላ አማራጭ አልነበረም? ሲበላሽ ምን አደረግህ? መልሱ ያለው የገዛ ሥራው ውስጥ ነው። የእናንተ ጥያቄ ባንክ ከየት ያመጣዋል? በሌሎች ሙያዎች የምርጫ ጥያቄ ሊኖር ይችላል፤ እናንተ ግን የሸጣችሁልኝ ለዚህኛው ብላችሁ ነው። የየሙያው የምዘና ዕቅድ ደግሞ በይፋ የወጣ ነው። ማንም በነጻ ያነበዋል።

ወደ ምዘናው የሚገባውም በእናንተ ምዝገባ አይደለም። መጀመሪያ ጌትዌይ የሚባለውን ማለፍ አለ። አሠሪው «ልጁ ደርሷል» ይላል፤ የሚያስፈልገው ማስረጃም መሟላቱ ይረጋገጣል። በልጄ ዲግሪ ምዘናው ከዲግሪው ጋር የተዋሃደ ስለሆነ የሚያካሂደው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ዲግሪው ለብቻው የሚያልቅባቸውና ምዘናውን ሌላ ገለልተኛ ድርጅት የሚሠራባቸው ሙያዎችም አሉ። በሁለቱም መንገድ አማካሪ ድርጅት መሃል የሚገባበት ቦታ የለም።

የመመዝገቢያው ነገር ይብሳል። በእንግሊዝ ደንብ መሠረት ሰልጣኝ ለሥልጠናውም ለምዘናውም ከኪሱ እንዲከፍል አይጠየቅም። ወጪው የአሠሪውና የመንግሥት ነው። የደመወዝ ወጪያቸው በዓመት ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ አሠሪዎች እንደ ፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ለዚሁ ሲባል 0.5 በመቶ ያዋጣሉ። ታዲያ እኔ የከፈልኩት የት ገባ? ዩኒቨርሲቲውን ጠይቀናል። ከእናንተ የደረሰው ምንም ነገር የለም። ሠራተኛችሁን ሳፋጥጠው ደግሞ «ለጥንቃቄ ያህል ነው» አለኝ። የምን ጥንቃቄ?

የመመዝገቢያውም የኮርሱም ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለስልኝ። ማስታወቂያችሁ ላይ ያለው «ማለፍ የተረጋገጠ» የሚለው ቃልም ይነሳ፤ ውጤቱን የሚሰጡት መዛኞቹ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ጋ የሚቀመጡ ሌሎች ልጆች አይቻለሁ። ያንን ሰዓት ሪፖርታቸውን ቢጽፉበት ይጠቅማቸው ነበርና ለወላጆቻቸው እውነቱን ንገሯቸው።

ደረሰኞቹን አያይዣለሁ። መልሳችሁን በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ካልሆነ ጉዳዩን ይዤ ሲቲዝንስ አድቫይስ ወደሚባለው ነጻ የምክር አገልግሎት እሄዳለሁ፤ ከዚያም አነስተኛ የገንዘብ ክርክሮች በሚታዩበት በስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤት እንገናኛለን።

ከሰላምታ ጋር
የሰልጣኙ አባት