«ጓያ ነው» ብላችሁ አትለፉን

ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ

እንደምን ከረማችሁ?

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይሆንልኝም። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ ብጀምር መሃል ላይ እጠፋለሁ። ስለዚህ ቡና ላይ እንደምናወራው አድርጌ ልጻፍላችሁ፣ አትቀየሙኝ።

የምጽፈው ከደሴ ነው። የተወለድኩት ግን ደላንታ ነው። ደላንታን ምናልባት በከበረ ድንጋዩ፣ በኦፓሉ ታውቁት ይሆናል። ከተማዋ ወገል ጤና ትባላለች፤ ስሟ ላይ ጤና አለ፣ ሌላውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ጓያ የሰበረው ሰው ነው። እኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው። ሽባ ሆነ አይባልም፤ «ጓያ ሰበረው» ነው። ጊዜው 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ዝናቡ ከዳ። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ምስሩ ሁሉ ሲጠፋ ዋልካው ላይ ጓያ ብቻ ቆሞ ቀረ። ጓያ እንዲህ ነው፣ ሁሉ ሲሞት እሱ አይሞትም። ጠዋት ጓያ፣ ማታ ጓያ፣ ወራት ሙሉ። ጋሼ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን እንጨት ተሸክሞ ሲመለስ ባቱን ያዘው። ማታ በቅቤ ታሽቶ ተኛ። ጠዋት ሊነሳ ሲል እግሮቹ እንደ በትር ደርቀዋል። እጁ ደህና፣ አፉ ደህና፣ ጭንቅላቱ ደህና። እግሩ ግን በዚያው ቀረ።

የጋሼን ጫማ ብታዩት በሽታው ራሱ ይነግራችኋል። ኮንጎ ጫማው ከፊት ብቻ ነው የሚያልቀው። አፍንጫው ተበልቶ ጣቱ ሲወጣ ተረከዙ ገና ከሱቅ እንደመጣ ነው፣ ምክንያቱም ተረከዙ መሬት አይነካም፤ በጣቶቹ ጫፍ፣ ጉልበቶቹ እየተፋተጉ፣ አንዱ እግር ሌላውን እያደናቀፈው ነው የሚሄደው፣ በሁለት ምርኩዝ። የሕክምና መጻሕፍት ይህን በሽታ በበትር ቁጥር እንደሚደለድሉት ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፦ ያለ በትር የሚሄድ፣ ባለ አንድ በትር፣ ባለ ሁለት በትር፣ በመጨረሻ የሚድህ። ሳነበው ሳቄ መጣ። አክስቶቼም እኮ እንዲሁ ነው የሚለኩት። «እገሌስ እንዴት ነው?» «እሱማ በአንድ ዱላ ነው፣ ይሻላል።»

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይህ ነገር ያልተጠና እንዳይመስላችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ጥናቶቹ እንደዚያ ስለሆኑ።) ከ1995 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ያኔ ደላንታ ዳውንት በሚባለው ወረዳ ከ2,000 በላይ ሰው በጓያ ተሰበረ። ይህን ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በ1999 ላንሴት ላይ አወጡት፤ ላንሴት የዓለም ሐኪም የሚያነበው መጽሔት ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ በአገራችን የነርቭ ሕክምና ሲነሳ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳ ሰው። ከዚያም ቀጠሉበት። ጓያ እንዴት ሆኖ ሲበላ ነው የሚሰብረው? ንፍሮው፣ ቆሎውና እሸቱ አደጋውን ይጨምራሉ። ቅመም ከገባበት ወጥ ጋር ሲበላ፣ ወይም ዱቄቱ ከሌላ እህል ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ይቀንሳል።

ይህን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው እረኛው ነው። ከተሰበሩት ወጣት ወንዶች ይበዛሉ። ወንድ ልጅ ሜዳ ይውላል፣ እሸቱን ከማሳው እየፈለፈለ ይበላል፣ ኪሱ ውስጥ ቆሎ አለ፤ ወጥ የሚያገኘው ማታ ነው፣ ካገኘ። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ጋሼን ስጠይቀው «ሌላ ምን ነበረ ታዲያ?» አለኝ።

መርዙ ኦዳፕ ይባላል። ሕንድ ውስጥ በ1964 ነው ተለይቶ የታወቀው። አንጎል ውስጥ ነርቮች ከሚነጋገሩባቸው ነገሮች አንዱን፣ ግሉታሜት የሚባለውን ይመስላል፤ ነርቩን ከልክ በላይ እየነካካ ያደክመዋል፣ በመጨረሻም ይገድለዋል ነው የሚባለው። እናቶቻችን ደግሞ እንፋሎቱ ነው ይሉ ነበር። ጓያ ሲቀቀል ድስቱ ሊከፈት ሲል እኛን ልጆቹን ከቤት ያስወጡናል። በገለባው ላይ መተኛት አይፈቀድም። አበባ በያዘው ማሳ መሃል ማቋረጥም እንዲሁ። እኛም እንፋሎቱ እስኪወጣ ደጅ ቆይተን እንገባና ንፍሮውን እንበላለን።

እናቴን ማን ይንገራት? ጥናቱ እንግሊዝኛ ነው። ታትሞ ዓለም ሲያነበው፣ እሷ ከማሳው አጠገብ ሆና አልሰማችም።

በ2003 እዚያው ላንሴት ላይ የወጣ ሌላ ጽሑፍ አለ፣ ስለ እርዳታ እህል። በረሃብ ጊዜ የእህል እርዳታ ደርሶ ሰው ጓያውን ቀላቅሎ ቢበላ የሚሰበረው ሰው እንደሚቀንስ የሚል ነው። ስለዚህ ደላንታ ላይ ዝናብ ከዳ ሲባል በጊዜ የሚደርስ ስንዴ የነርቭ መድኃኒት ነው ማለት ነው። ይህን ለአደጋ ስጋት ሰዎች ንገሯቸው፣ እኔ አልቀጥልበትም። መርዙ የቀነሰ የጓያ ዘርም ተለቋል፤ እሱ የግብርና ጉዳይ ነው።

የኔ ጉዳይ ምርመራው ነው።

ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልጠራም። ሠላሳዎቹ ውስጥ ነች፣ ሁለት ልጆች አሏት። እግሯ መዛል ጀመረ። ቀስ እያለ ነው የመጣው፣ እንደ ጋሼ በአንድ ሌሊት አልነበረም። ጀርባዋን ያማት ነበር። ማታ ማታ ያልባታል። እንጀራ ስትጋግር መቆም አቃታትና ዱካ ላይ ተቀምጣ መጋገር ጀመረች። ሰው ምን አለ? «ጓያ ነው።» የደላንታ ሰው እግሩ ሲደክም ሌላ ምን ሊባል ነው! ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰዷት። እዚያ ያለው ባለሙያ «ጓያ ትበያለሽ?» አላት። ማን የማይበላ አለ? «አዎ» አለች። «ጓያ ነው፣ መድኃኒት የለውም» ተባለችና ተመለሰች። ልብሷን ገልጦ ጀርባዋን ያየ የለም።

ሁለት ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀረውም ነበር። ወንድሟ ጨክኖ ደሴ አመጣትና እኔ ቤት አረፈች። ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ በጣቱ አሳየን፤ ከአከርካሪዋ አጥንት አንዱ ጠዋት ጠዋት እንደሚነከስ ብስኩት ከአንድ ወገን ተበልቶ ጎብጧል። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። መድኃኒቱ በነፃ የሚሰጥ ነው፣ ዓመት ገደማ ወሰደችው። አሁን ትሄዳለች። ግን ቀኝ እግሯን ትጎትታለች፤ ቶሎ ቢታይ ኖሮ ላይሆን ይችል ነበር አለን ሐኪሙ። ወንድሟ መንገድ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ «አብሽር፣ ዋናው መዳኗ ነው» እያልኩት ነበር፣ ግን እኔም ውስጤ ተቃጥሏል።

የምለው ይኸው ነው። «ጓያ ነው» የምትለው ቃል እኛ ጋ ምርመራ መዝጊያ ሆናለች። ጓያን በደም ምርመራ አረጋግጦ «ይኸው» የሚል ላቦራቶሪ የለም። ሐኪሙ ጠይቆ፣ በመዶሻው ጉልበት መትቶ፣ ሌላ አለመሆኑን አረጋግጦ ነው የሚደርስበት። ሌላው ሳይጣራ ጓያ ነው ማለት ግምት ነው። ልዩነቱ ደግሞ አለው። ጓያ ከሰበረ በኋላ ባለበት ይቆማል፣ ዓመት በዓመት እየባሰ አይሄድም። ቆዳ አያደነዝዝም። እየባሰ የሚሄድ፣ እግርን የሚያደነዝዝ፣ ጀርባን የሚያም፣ ሽንት የሚከለክል ከሆነ ሌላ ነገር መፈለግ አለበት፦ የአከርካሪ ቲቢ፣ ሰረሰሩን የሚጫን ዕጢ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤችቲኤልቪ-1 የሚባል ቫይረስም አለ። ከነዚህ ውስጥ የሚታከሙ አሉ። ይህን ለማወቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኤምአርአይ እንኳን አይደለም፤ ልብስ ገልጦ ጀርባ ማየት፣ ጣትን እየነኩ «ይሰማሻል?» ማለት ነው።

እና ጓያ የሰበራቸው ናቸው የሚባሉትን ሁሉ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የነርቭ ሐኪም ያለበት ቡድን ይያቸው። መዝግቦ፣ መርምሮ፣ ይህ በእርግጥ ጓያ ነው፣ ይህ ሌላ ነው ብሎ ይለይ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴ ሐኪም ያሠለጥናል፤ ተማሪዎቹ የሚማሩበት ከዚህ የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ያውቁናል። ማን ቤት ምርኩዝ እንዳለ ጠይቁ፣ በአንድ ሳምንት ዝርዝሩን ይዘው ይመጣሉ። በጦርነቱ ስንቱ ጤና ጣቢያ እንደተጎዳ አውቃለሁ፣ ሁሉ ነገር በአንዴ ይሁን አላልኩም።

«ጓያ የሆነውስ ምን ይደረግለታል፣ አይድንም» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ የሞተው ነርቭ አይመለስም። ግን ይህም ቢሆን ተሞክሯል። ቶልፔሪዞን የሚባል ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት እዚሁ አገራችን ውስጥ በጓያ በተጎዱ ሰዎች ላይ ተፈትኗል፤ ግማሹ እውነተኛውን፣ ግማሹ መድኃኒት የሚመስለውን ባዶ ኪኒን እየወሰደ፣ ማን የትኛውን እንደወሰደ ሐኪሙም በሽተኛውም ሳያውቁ። ውጤቱ በ1997 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ታተመ፣ የእግሩን መገተር ያላላል የሚል። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። ደላንታ ላይ ሰው እየተሰበረ በነበረበት ሰዓት ነው! ጋሼ ያን ኪኒን እስከዛሬ በዓይኑ አላየውም።

ዝም ብላችሁ አከፋፍሉልን ግን አልልም። አንድ ሐኪም ሲያስረዳኝ፣ ለአንዳንዱ ሰው ያ የደረቀ እግር ራሱ መቆሚያው ነው፤ ግትርነቱ ከልክ በላይ ከላላ ጉልበቱ ይከዳውና ይወድቃል። ለማን ይሆናል፣ በምን ያህል መጠን፣ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲሆንስ? ይህን የሚመልሰው ጥናት ነው። ስለዚህ ጥናቱ ይቀጥል፣ እኛው ጋ፣ ከ20 ዓመት በላይ በሁለት ምርኩዝ የኖሩት ሰዎች ላይ። እነሱም እኮ አርጅተዋል። የጋሼ እጆች ድሮ ደህና ነበሩ፤ አሁን ምርኩዙን ሲጨብጥ ትከሻው ያመዋል፣ መዳፉ እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል። ባለ ሁለት በትር የነበረ ሰው ትከሻው ሲከዳው ወዴት ይሄዳል? ከሁለት ቀጥሎ ያለው መዳህ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጥናት ሲመጣ መልሱም ይምጣ። ድሮ አንድ ቡድን መጥቶ ነበር፣ ከየት እንደሆነ አሁን የሚያስታውስ የለም። ጋሼን አስሄዱት፣ ጉልበቱን መቱት፣ ከክንዱ ደም ቀዱ፣ ወረቀት ላይ አስፈረሙት። በጣም ደጎች ነበሩ ይላል፣ ሻይ አብረውት ጠጡ። ውጤቱን እንነግርሃለን ብለውት ሄዱ። ጥሩ ሰዎች እንደሆኑ አልጠራጠርም፣ ምናልባትም ጽሑፉ የሆነ ቦታ ታትሟል፣ ምናልባት እኔ ራሴ አንብቤው የጋሼ ደም ከቁጥሮቹ መሃል እንዳለ አላወቅሁም። ለዚያ ቀበሌ ሰው ግን ማንም ተመልሶ መጥቶ በአማርኛ «ንፍሮውን ተዉ፣ ከእህል ቀላቅሉት፣ እንፋሎቱ ምንም አያደርግም» አላለውም። ከቅዳሴ በኋላ ወይም ከጁምዓ በኋላ አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ባለፈው ስደውልለት ለናንተ ልጽፍ እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ጻፍ» አለኝ፣ «ብቻ እግሬን አድኑልኝ እንዳትል፣ ያፍሩብሃል። ያ ደሜ ምን አለ በላቸው።»

ይኸው፣ ጠይቄያለሁ።

የደላንታው ልጅ፣ ከደሴ