«ምንም የጠፋ ነገር የለም» ላሉኝ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዳራሹ የበላይ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ኃላፊ፣

አዳራሽዎ ውስጥ የከፈትኩት ዐውደ ርእይ ሳይነገረኝ ስለመውረዱ ስጽፍልዎ ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን መዝገብ ቤትዎ ተቀብሎ የገቢ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች እጄ ላይ ናቸው። መልስ ግን የለም። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ የመለሱኝን ቀናት መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። ስለዚህ ይህኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ጻፍኩት። የመሥሪያ ቤቱን ስም ያልጠቀስኩት እርስዎን ለመሸፈን አይደለም፤ ታዘው የሠሩት የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ዳፋው እንዳይደርስባቸው ብዬ ነው።

እርስዎ ነገሩን ያውቁታል፤ የማያውቅ አንባቢ እንዲረዳው ግን ልድገመው። የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ኪውሬቲንግ፣ ማለትም ሥራዎችን መርጦና አሰናድቶ በዐውደ ርእይ የማቅረብ ሙያ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የምማረው ውጭ አገር ባለ ዩኒቨርሲቲ፣ በርቀት ነው። የመመረቂያ ሥራው ወረቀት ብቻ አይደለም። አንድ ዐውደ ርእይ ከሐሳቡ እስከ መብራቱ ራሴ አዘጋጅቼ መክፈት አለብኝ፤ ፈታኞቼም እሱን ተመልክተው ነው ነጥብ የሚሰጡኝ። አዳራሽዎን ከግንቦት 8 እስከ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. እንድጠቀም የተፈቀደልኝ በጽሑፍ ነው። ፊርማው የእርስዎ ነው።

ዐውደ ርእዩ ስለ ፒያሳ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ከቤታቸው ስለተነሡ ሰዎች። የሰባት ሠዓሊያን ሥራዎችና ከነዋሪዎቹ የተዋስኳቸው ዕቃዎች ነበሩበት። በቀኙ ግድግዳ ላይ የቤት ቁጥር የተጻፈባት ሰማያዊ ቆርቆሮ ሰቅዬ ነበር። መዳፍ ብታክል ነው፤ አንዱ ጥግዋ ዝጓል። ፊት ለፊቷ፣ በግራው ግድግዳ፣ ሁለት ሜትር የሚሰፋ ሥዕል አለ፤ የሚታየው ባዶ መሬት ብቻ ነው። በመካከላቸው ዘጠኝ እርምጃ። እዚያ ወለል ላይ ምንም አላስቀመጥኩም። ያንን ባዶ ቦታ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሥዕሉን ሁለት ጊዜ አውርጄ ሰቅዬዋለሁ። ቆርቆሮዋንም ከዓይን ከፍታ አንሥቼ ከበር በላይ ወደምትውልበት ከፍታ ወሰድኳት፤ ደጃፍ ላይ እንደነበረችው ሰው ቀና ብሎ እንዲያያት።

በመክፈቻው ዕለት ቆርቆሮዋን ያዋሱኝ እማማ መጡ። ቀና ብለው አዩዋት። ዞር ሲሉ ሥዕሉን አዩት። ከዚያም ባዶው ወለል መሐል ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ምድጃዬ እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ማንም አልመራቸውም፤ ማንም አላስረዳቸውም። ክቡር ኃላፊ፣ እኔ የምማረው ትምህርት ይህ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ ግንቦት 10፣ ዓለም የሙዚየም ቀን ብሎ በሚያከብረው ዕለት፣ አዳራሹ ለሥልጠና ይፈለጋል ተብሎ ሁሉም ነገር ወረደ። የደወለልኝ ሰው የለም፤ ስልክ ቁጥሬ ግን እርስዎ በፈረሙበት የፈቃድ ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። ሰኞ ጠዋት ስደርስ ሥዕሎቹን ከመድረኩ ጀርባ አገኘኋቸው፤ ፊትና ፊታቸው ተገጥሞ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮባቸው። የአንዱ ሸራ በወንበር እግር ተወግቶ ጎድጉዷል። ቆርቆሮዋ ስትነቀል መሐሏ ላይ ታጥፋለች። የጥበቃ ሠራተኛው አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ ታዝዤ ነው» አሉኝ። ፈታኞቼ ረቡዕ ግንቦት 13 በቪዲዮ ሊጎበኙ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ያሳየኋቸው ባዶ ግድግዳና የሚስማር ቀዳዳ ነው።

ማክሰኞ ቢሮዎ ገባሁ። ቁጭ በይ እንኳ ሳይሉኝ «ዕቃሽ ሁሉ አለ፤ ምንም የጠፋ ነገር የለም» አሉኝ። ከወራት በኋላም የሚያንገበግበኝ ይህ ንግግር ነው።

ከአዳራሽዎ ብዙም ሳይርቅ አፍሪካ አዳራሽ አለ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በዚያ ሕንጻ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ሸፍኖ ቆሟል፤ የአፍሪካ ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል። አንድ ሰው ብርጭቆዎቹን አንድም ሳይሰብር ነቅሎ፣ በሣጥን አሽጎ፣ ቆጥሮ ቢያስረክብዎ ምንም አልጠፋም ይሉታል? ቆጠራው ልክ ይሆናል። ሥዕሉ ግን የለም። የእኔን ከአፈወርቅ ሥራ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ የጠፋው ነገር ዓይነት አንድ መሆኑን ማሳየቴ ነው።

የኪውሬቲንግ ሙያ ራሱን ችሎ በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ መሰጠት የጀመረው በቅርቡ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ግረኖብል ላይ በ1987፣ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። በእኛ አገር አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊያንና ቀራጺያን ወጥተዋል። ሥራዎቹን መርጦ፣ አጥንቶ፣ እርስ በርስ አነጋግሮ ለሕዝብ የሚያቀርበውን ሙያ ግን እኔ የማውቃቸው ሁሉ የተማሩት በሥራ ላይ፣ በራሳቸው ጥረትና በራሳቸው ኪሳራ ነው። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 በተጀመረው የቬኒስ ቢዬናሌ፣ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በአገር ደረጃ የራሷን ማሳያ ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበችው በ2024 ነው፤ በተስፋዬ ኡርጌሳ ሥዕሎች፣ እንግሊዝ አገር ባደገው ገጣሚ በለምን ሲሳይ ኪውሬተርነት። ዜናውን ስሰማ በደስታ አለቀስኩ። ለትምህርቱ ያመለከትኩት በዚያው ክረምት ነው፤ ወደፊት እዚሁ አዲስ አበባ ሆኖ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል ብዬ።

ሥልጠናው መካሄድ አልነበረበትም አላልኩም። አንድ ቀን ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ ወንበሩን አብሬ እደረድር ነበር። ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ሥልጠና አይከለክልም።

ዩኒቨርሲቲው ፈተናዬን በአንድ ዓመት አራዝሟል፤ በውጭ ምንዛሪ የምከፍለው የአንድ ዓመት ክፍያ አለብኝ ማለት ነው። ክፍያው እንዲነሣልኝ የጠየቀኝ አንድ ማስረጃ ብቻ ነው፦ ዐውደ ርእዩ የተቋረጠው በእኔ ጥፋት እንዳልሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከአዳራሹ አስተዳደር። በሦስቱ ማመልከቻዎቼ የለመንኩዎት ይህንን አንድ ገጽ ነው። ትእዛዙን የሰጠው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ ያመለከትኩት ደግሞ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመረጃ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ በ30 ቀናት እንደገደበው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። 30 ቀኑ ካለፈ ቆየ። አዲስ አዳራሽ አልጠየቅኩም፤ ካሣም አልጠየቅኩም። የተፈጸመውን እንደተፈጸመ ይጻፉልኝ።

በደብዳቤው ላይ ለእማማም አንድ መስመር ይጨምሩ። ቆርቆሮዋን በመዶሻ ላቀናት አልደፈርኩም፤ ቀለሟ ይረግፋል። በጨርቅ ጠቅልዬ አሁን ወደሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ወሰድኩላቸው። ተቀብለውኝ ብዙ አገላበጧት። ጣታቸውን እጥፋቷ ላይ እያሄዱ፣ «ቤቴን ያፈረሱት ልጆች እንኳ እሷን በደኅና ነቅለው ነው የሰጡኝ» አሉኝ።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

አመልካቿ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ