እማዬ፣ ከተማ ልቀይር ነው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ወንድሜ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እባክህ ቀስ ብለህ አንብብላት። ግራ የሚያጋባ ቃል ሲመጣ ቆም ብለህ አስረዳት።

ጤናዬ ጥሩ ነው፣ ሥራም አላጣሁም። ይህን የማስቀድመው ቀጥሎ ያለውን ስትሰሚ "ልጄ ምን ሆና ነው?" ብለሽ እንዳትደነግጪ ነው።

እማዬ፣ ከተማ ልቀይር ነው። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ከዚህች ትንሽ ከተማ ወጥቼ ወደ ትልቁ ከተማ እገባለሁ። አገሩ ያው ነው። በባቡር አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስልኬም አይቀየርም።

ሁለተኛው ነገር ይከብዳል። ለጥቂት ወራት የምልክላችሁ ገንዘብ ይቀንሳል። አይቋረጥም፣ ግን ይቀንሳል። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ አንደበቴ ተያዘ። በደብዳቤ ከሆነ ግን ከነምክንያቱ ልነግርሽ እችላለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ።

"የለመድሽውን ቦታ፣ የሚያውቁሽን ሰዎች ትተሽ የት ትሄጃለሽ?" እንደምትዪኝ ይታወቀኛል። እውነትሽን ነው፣ እዚህ ለመታወቅ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ድምፅ የሚቀርፅ ሰው ሲፈለግ የሚደወለው ለእኔ ነው። ጠዋት ቃለ መጠይቅ እቀርፃለሁ። ከሰዓት አዳራሽ ውስጥ ማይክና ስፒከር እዘረጋለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ የማስታወቂያ ድምፅ አስተካክላለሁ። ሁሉንም በመሥራቴ ብዙ ተምሬያለሁ፣ አልክድም። ግን እማዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ ስሳሳት "ተሳስተሻል" የሚለኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ዘጋቢ ፊልም የአንድ አዛውንት ታሪክ ቀርጬ ነበር። ቤታቸው ሄደን፣ ሳሎናቸው ተቀምጠው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ያሠሩኝ ሰዎች ገንዘቡን ከፈሉኝ፣ አመሰገኑኝ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አልደወሉም። ምን እንዳጠፋሁ ማንም አልነገረኝም። ደጋግሜ አስብ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ባለፈው ወር ትልቁ ከተማ ለሦስት ቀን ሥራ ስሄድ ነው።

የዚያን ሥራ ነገር በስልክ በጥድፊያ ነው የነገርኩሽ። የሄድኩት ቡም ያዥ ሆኜ ነበር። ቡም የሚባለው ረጅም ዘንግ ነው፣ ጫፉ ላይ ማይክ አለ። ካሜራው ሳያየው ከተዋናዩ ራስ በላይ ትይዥዋለሽ። አንድ ጣት ዝቅ ካለ ምስሉ ውስጥ ይገባል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ድምፁ ይርቃል። ክንድ ይፈትናል። የቡድኑ አለቃ በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ነው፣ ቅጂውንም የሚቆጣጠረው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቀረፃ አንድ ትንሽ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ሁሉም ዝግጁ ሆኗል። ተዋንያኑ ቦታቸውን ይዘዋል። ሰውየው እጁን አነሳና "ፍሪጅ" አለ። እኔም ሄድፎን አድርጌያለሁ፣ ምንም አልሰማሁም። እሱ ግን ተነሳ፣ ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቀለ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠና ዘጋው። ግራ ገብቶኝ አየሁት። "ማታ ስንጨርስ ፍሪጁን መልሼ ሳልሰካ ብሄድ የሰው ቤት ምግብ ይበላሻል። ቁልፌ እዚያ ካለ ግን ሳልከፍተው የትም አልሄድም" አለኝ። የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው። እኔ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም፣ ምክንያቱም የሚነግረኝ አልነበረም።

በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። ያን ያህል ትንሽ ድምፅ ምን ያደርጋል? ትዕግሥት ያለው ሰው ነው፣ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የፍሪጅ ሞተር ይነሳል፣ ደግሞ ይቆማል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ቢያጉረመርም ኖሮ ጆሮ ይለምደዋል። ችግሩ የሚመጣው ንግግሩ ሲቆራረጥና ሲቀጣጠል ነው። ሞተሩ እየሠራ የተነገረው ዓረፍተ ነገር ሞተሩ ቆሞ ከተነገረው ጎን ሲገባ ድምፁ ጉርምርም ይልና ድንገት ጭጭ ይላል። የሚያዳምጠው ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም ይረበሻል።

ይህን ሲነግረኝ ልቤ ስንጥቅ አለ። የአዛውንቱ ሳሎን ትዝ አለኝ። ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው ወጥ ቤት በሩ ክፍት ነበር። ማታ ማረፊያዬ ገብቼ የድሮውን ቅጂ ከኮምፒውተሬ ፈለግኩና ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩት። አለ። ይነሳል፣ ይቆማል፣ ይነሳል። እኚያ ሰው ስለ ሟች ባለቤታቸው በሚያወሩበት ቦታ ላይ ሞተሩ ይነሳል። እማዬ፣ ያን ሌሊት ብዙም አልተኛሁም። የምሄደው ከእኔ የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው አጠገብ ለመቆም ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ትልቁ ከተማ ውስጥ ሥራው የተከፋፈለ ነው። ቀረፃ ቦታ ላይ ቅጂውን የሚመራ አለ፣ ቡም የሚይዝ አለ፣ ገመድና ባትሪ የሚከታተል ረዳት አለ። ቀረፃው ሲያልቅ ደግሞ ንግግሩን ብቻ የሚያጸዳ አለ። የመኪናውን፣ የንፋሱን፣ የበሩን ድምፅ የሚያሰናዳ ሌላ ነው። በመጨረሻ ሁሉንም አመጣጥኖ የሚያዋህድ አለ። የእግር ኮቴና የልብስ ኮሽታ እንኳን የራሱ ባለሙያ አለው። ፊልሙን እያየ ስቱዲዮ ውስጥ ጫማ ቀያይሮ ይራመዳል። ይህ ሥራ ፎሊ ይባላል። ስሙ የመጣው ድምፅ ወደ ፊልም በገባበት ዘመን በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይሠራ ከነበረው ከጃክ ፎሊ ነው።

እኔ የምገባው ከታች ነው፣ በረዳትነትና በቡም ያዥነት። እዚህ አለቃ ነበርኩ፣ እዚያ ገመድ እጠቀልላለሁ። ይህ አያሳፍረኝም፣ አንቺም እንዳታፍሪብኝ። ገንዘቡ የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው። የረዳት የቀን ክፍያ እዚህ ከማገኘው ያንሳል።

"ታዲያ እዚያው እየኖርሽ ሲጠሩሽ ብቻ ብትሄጂስ?" ትዪኝ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ። ይህ ሥራ በማስታወቂያ አይወጣም። ሰው ለሰው ይነግራል፣ በቃ። አንዱ ይታመማል ወይም ሌላ ሥራ ይደራረብበታል፣ ከዚያ ማታ ይደወልልሻል። "ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መድረስ ትችያለሽ?" ይሉሻል። ከሦስቱ ቀን ሥራ በኋላ ሁለት ጊዜ ተደውሎልኛል። ሁለቱንም ጊዜ የማታው ባቡር ሄዶ ነበር። "አልደርስም" ስል ሥራው አጠገባቸው ላለ ሰው ተሰጠ። ሦስተኛ ጊዜ "አልችልም" ካልኩ ስሜ ከስልካቸው ይጠፋል።

ወንድሜ፣ ይቺ ላንተ ናት፣ ማሽን ስለምትወድ። ስቴፋን ኩደልስኪ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ፖላንድ ተወልዶ በልጅነቱ ቤተሰቡ ጦርነቱን ሸሽቶ ወጣ፣ በመጨረሻም ስዊዘርላንድ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1951፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ሰው በትከሻው ተሸክሞት የሚሄድ የድምፅ መቅረጫ ሠራ። ስሙንም ናግራ አለው። በፖላንድኛ "ይቀርፃል" ማለት ነው። በሰው አገር የሠራውን ዕቃ በእናቱ ቋንቋ ነው የሰየመው። ለአሥርት ዓመታት የሬዲዮ ጋዜጠኞችና የፊልም ድምፅ ሰዎች የሠሩት በናግራ ነበር። ከቅጂ ላይ ጫጫታ የሚቀንሰውን ዘዴ የፈጠረው ሬይ ዶልቢም አሜሪካዊ ሆኖ ድርጅቱን የመሠረተው በ1965 ለንደን ውስጥ ነው፣ በ1976 ደግሞ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አዛወረው። ራሴን ከእነሱ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ግን ማታ ማታ ሻንጣዬን ሳስተካክል ኩደልስኪ ትዝ ይለኛል።

አሁን ስለ ገንዘቡ በዝርዝር ልንገርሽ፣ በጭፍን እንደማልገባ እንድታውቂ። የስድስት ወር የቤት ኪራይና ቀለብ አስቀምጫለሁ። ይህ ያስፈለገው በፍሪላንስ፣ ማለትም ያለ ቋሚ ቅጥር በሚሠራ ሥራ፣ ዛሬ የሠራሽው ዛሬ ስለማይከፈል ነው። ደረሰኝ ትልኪና 30 ቀን ትጠብቂያለሽ፣ አንዳንዱ 60 ቀን ያደርሰዋል። አንድ ደንበኛ ሦስት ወር አመላልሶኝ ያውቃል፣ ያኔ ከእጅ ወደ አፍ መኖር ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ከሚገባልኝ ሁሉ የግብሩን ድርሻ ወዲያው ለይቼ አስቀምጣለሁ። አዲስ ዕቃ አልገዛም። የራሴ መቅረጫ፣ ሁለት ገመድ አልባ ማይክ፣ አንድ ቡም አለኝ፣ ኢንሹራንስም ገብቼላቸዋለሁ። የጎደለውን እከራያለሁ። በየሳምንቱ ድምፁን የማስተካክልለት አንድ የፖድካስት (በኢንተርኔት የሚደመጥ ዝግጅት) ደንበኛም አብሮኝ ይቀጥላል፣ ሥራው በኢንተርኔት ስለሚላክ ርቀት አያግደውም። ለእናንተ የምልከው ከዚያ ነው። የትም ብሆን እሱን አልነካውም።

ቤትም አግኝቻለሁ። ከአንዲት የፊልም ኤዲተር ጋር ነው የምጋራው። አራት ክፍል አየሁ። እያንዳንዱ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ ዓይኔን ጨፈንኩና አንድ አንድ ደቂቃ ቆምኩ። አንዴም አጨበጨብኩ። ባዶ ክፍል ሲሆን ጭብጨባሽ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ይመለሳል። የመረጥኩት ጠባቡን ነው። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው፣ የመንገዱ ጩኸት አይገባም። ማታ መሥራት እችላለሁ።

ጆሮሽን ጠብቂ ትዪኝ የለ? እጠብቃለሁ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ልክ አለ፤ ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። 85 ዴሲቤል ከሆነ በቀን ስምንት ሰዓት፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ስፒከር ያለበት መድረክ ላይ ስሠራ የጆሮ መድፈኛዬ ከኪሴ አይለይም። እንዲያውም አሁን ከመድረክ ሥራ ወደ ፊልም ማዘንበሌ ለጆሮዬም ጥሩ ነው።

የምፈራው የለም ብዬ አልዋሽሽም። ስልኩ ሳይጮህ ሳምንት ቢያልፍስ ብዬ እፈራለሁ። ማንንም በማላውቅበት ከተማ ዓይኔን በጨው ታጥቤ "እኔም አለሁ" እያልኩ መዞር አለብኝ፣ እኔ ደግሞ ለዚያ አፍ የለኝም። የቡድኑ አለቃ "ስትመጪ ደውዪልኝ" ብሎኛል። ቃል አልገባልኝም፣ ግን ቁጥሬን በእጁ ነው የመዘገበው። አንድ ዓመት ለራሴ ሰጥቻለሁ። የዛሬ ዓመት ኪራዬን በሥራዬ መክፈል ካልቻልኩ ያኔ ቁጭ ብለን እንመካከራለን።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከመነሳቴ በፊት የምትመርቂኝን በድምፅ ላኪልኝ። በስልክ ጥሪ ሳይሆን ተቀርፆ ይሁን፣ እንዳይጠፋብኝ። ወንድሜ፣ ቀረፃው ያንተ ሥራ ነው። መኝታ ቤት አድርገው፣ አልጋና መጋረጃ ስላለ ድምፁ አይነጥርም። መስኮቱን ዝጋ። ስልኩን ከአፏ አንድ ስንዝር አርቀህ ያዝ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ትንፋሿ እንዳይመታው። ከመናገሯ በፊት ሁለታችሁም ዝም በሉና 30 ሰከንድ የቤቱን ዝምታ ቅረፅልኝ። እኛ ሁልጊዜ ይህን እናደርጋለን፣ በኋላ ንግግሩ ሲቀጣጠል ክፍተቱ የሚሞላው በዚያ ዝምታ ነው። ለእኔ ግን ዝምታው እንዲሁ በራሱም ይጠቅመኛል።

መጀመሪያ ፍሪጁን ንቀለው። የቤቱን ቁልፍም ውስጡ አስቀምጥ።

የምትወድሽ ልጅሽ