ይድረስ ለወዳጄ፣ ከሐዋሳ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ መከራከሩን እንተወውና ወደ ወሬው ልግባ፤ ከአንተ በቀር የሚገባው ሰው የሌለ ወሬ ነው።

ሆላንድ ያለችው እህቴ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቷን ላከችብኝ። «ሐዋሳን አሳየው» አለችኝ። ምን አለና ነው የማሳየው አልኩ በልቤ። ገብርኤልን ተሳልመን፣ የሱሙዳን አደባባይ በባጃጅ ዞረን፣ ፍቅር ሐይቅ ቡና ጠጥተን እስከ ምሳ የምንጨርስ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ግን የሩቅ ማያ መነጽሩን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣ፤ አስጎብኚው እሱ ሆኖ አረፈው።

ጠዋት አሞራ ገደል ወሰድኩት። ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ልጆቹ ቆሮሶ ዓሣውን እየሰነጠቁ ሲገፉ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ግዙፍ ወፎች አንጀቱን ለመልቀም ሰው መሃል ገብተው ሲጋፉ ታውቀዋለህ። እኛ በእግራችን ገፋ አድርገን የምናልፋቸውን፣ እሱ አንዱን ፊት ለፊት ገጥሞ ቆመ። ቆመ ስልህ ቆመ! ዓሣ ገፋፊዎቹ ሳቁብን፣ እኔም አፈርኩ። ክንፉን ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል እንደሚበልጥ ነገረኝ። ያ ነጭ ካልሲ ያጠለቀ የሚመስለን እግሩስ? ለካ ኩሱን በገዛ እግሩ ላይ ነው የሚለቀው። እርጥቡ ሲተን ሙቀቱን ያበርድለታል፣ ነጩ የሚቀረው የደረቀው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ማናችንም «ለምን?» አላልንም።

ከዚያ ወደ ዛፎቹ ዞረ። ጦጣዋ ዳቦህን ነጥቃህ ያለቀስክበት ዋርካ ትዝ ይልሃል? (አልረሳሁልህም።) ጉሬዛዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። አውራ ጣታቸው ጉጥ ብቻ መሆኑን ያሳየኝ እሱ ነው። ዋና ምግባቸው ቅጠል ስለሆነ ሆዳቸው እንደ ከብት በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው አለኝ። እንደ ጦጣዎቹ ዳቦ ለመንጠቅ የማይወርዱት ከኩራት ይመስለኝ ነበር።

ግን ከሁሉ የከነከነኝ የሐይቁ ነገር ነው። ዳር ተቀምጠን ዓሣ ጥብስ እየበላን (ጥሬውንስ በዳጣ አልደፈረም) «ይህ ውሃ የሚወጣው በየት ነው?» አለኝ። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ መውጫውን ፈልጌ አጣሁ። የለውም! መውጫ የሌለው ሐይቅ ውሃው በፀሐይ እየተነነ ጨው ይከማችበታል፤ ሻላና አብያታ እንዲያ ናቸው። የእኛ ግን ጨዋማ አይደለም፤ አጥኚዎች ከመሬት በታች እየሰረገ ይሄዳል ይላሉ። ስንዋኝ ስንቱን ጠጥተናል፣ አንድ ቀን ግን አልጠየቅንም።

አሁን ደግሞ ልማው። ታቦር ተራራ ላይ ይዤው ወጥቼ፣ አንድ ዓሣ በል ንስር አየና ከተማውን ጀርባ ሰጠው። እኔ የሰፈራችንን ቆርቆሮ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ በ2008 የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ጣሪያ በጣቴ እያሳየሁ ብቻዬን አወራሁ። ጉዱማሌም ስንደርስ ያየው ባዶ ሜዳ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ የሚከበርበት ነው፣ በዓሉንም ዩኔስኮ በ2008 መዝግቦታል ብዬ ብነግረው «እህ» አለና ወፍ ፍለጋ ቀና አለ። አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ሽማግሌዎች የበዓሉን ቀን ጨረቃና ኮከብ አይተው እንደሚቆርጡት ስነግረው ብቻ መነጽሩን አወረደ። ለእኔ ሜዳው ጭር ብሎም እንኳ በሰው የተሞላ ነው፤ ያንን በየትኛው መነጽር ላሳየው?

ከሄደ ወዲህ ሳልፍ ሳገድም ሐይቁ ዳር መቆም ለምጃለሁ፣ ባለቤቴ «ፈረንጁ ለከፈህ» ትላለች።

ይልቅ አንድ ነገር አጣራልኝ። ጥቁር ውሃ ድልድይ ሥር በመንጠቆ የምንይዘው አምባዛ ነበር ወይስ ቢልጫ? ሰውዬው ጠይቆኝ መልስ አጣሁለት፣ እህቴም መልሱን እንዳደርስለት በየሳምንቱ ትወተውተኛለች። አንተ ዓሣው ላይ ከእኔ የተሻለ ታስታውሳለህ። በስልክ አይሆንም፣ ጻፍልኝ። ለልጆቹና ለእናታቸው ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ