እሬቱን ነቅላችሁ ችግኝ አትትከሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምፅፍላችሁ ከደጀን ነው፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ፣ ስለ እሬት ነው የምነግራችሁና እባካችሁ ትንሽ ቦታ ስጡኝ።

አምና ሐምሌ ላይ የችግኝ ዘመቻ ነበር፣ እኔም አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። ጉድጓዱ ግን ቀድሞ ተቆፍሮ ነበርና ስንደርስ ተዳፋቱ ላይ የነበረው እሬት በሙሉ ተነቅሎ፣ ሥሩ ወደ ሰማይ ተገልብጦ እርከኑ ዳር ተከምሯል። አስተባባሪውን ምነው ስለው "አረም ነው እኮ፣ ቦታ ይዞብን ነው" አለኝ። አረም! እኔ ልጅ ሆኜ የፈላ ውሃ እግሬ ላይ ሲደፋ አያቴ ሮጣ ከገደሉ ጫፍ አንድ ቅጠል ቆርጣ መጥታ፣ ቢጫውን ውሃ ዘቅዝቃ አንጠባጥባ ከጨረሰች በኋላ ነው ውስጡን ነጩን ዝልግልግ የቀባችኝ፣ ቢጫው ያቃጥላል መጀመሪያ ይውጣ ትል ነበር። እናቴ ደግሞ ታናሽ ወንድሜን ጡት ያስጣለችው በዚያው በቢጫው ነው፣ አንዴ ቀምሶ ፊቱን ያጨማደደው እስካሁን አይረሳኝም።

ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር ላይ ይመስለኛል። አሁን በየቤቱ አሎቬራ በጣሳ ተተክሏል፣ ለፀጉር ለፊት ምናምን እየተባለ ይቀባል፣ ስለዚህ እሬት ሞልቷል ይባላል። አሎቬራ ግን የመጣው ከአረብ ምድር ነው፣ በየአገሩ በእርሻ ስለሚመረት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከእሬት ዘር ሁሉ ቁጥጥሩን ያነሳው ለሱ ብቻ ነው። የኛዎቹ በቁጥጥሩ ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነት አለ፣ ብዙዎቹ ሌላ አገር አይገኙም። አንዷ ሴቴ እሬት የምንላት የገደሏ እሬት ናት፣ የሳይንስ ስሟ አሎ ፑልኬሪማ፣ እጅግ ውብ ማለት ነው። ይሄን ስም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ማይክል ጊልበርት ያወጡላት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፣ እናቶቻችን ስንት ዘመን ሲጠቀሙባት ኖረው ማለት ነው። ያለችው እዚሁ ጎጃምና ሸዋ ወሎ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ገደላገደሉ ላይ ነው።

ገደሉ ላይ የቀረችው ደግሞ ሞፈርም በሬም ስለማይደርስባት ነው። እፍኝ አፈር ካገኘች ይበቃታል፣ ቀን ፀሐዩ ሲያቃጥል ትንፋሿን ዘግታ ሌሊት ነው የምትከፍተው፣ ውሃዋ እንዳይተን። ሌላው ሳር ሲደርቅ እሷ አበባዋን ታወጣለች፣ ያቺ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ ወፍ ትመጣለች፣ ንብ ይመጣል። ብዙ የእሬት ዓይነት በራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም፣ ከሌላ እሬት መምጣት አለበት፣ ስለዚህ ሃምሳው ተነቅሎ ሁለት ሦስት ተራርቆ ቢቀር ያብባል እንጂ ዘር የለውም። አሁን እርሻው ወደ አፋፉ እየተጠጋ ነው፣ ድንጋይ ይወጣል፣ መንገድ ይሰፋል፣ በዚያ ላይ ደግሞ እንጠብቅ ብለን የወጣነው እኛው ነቀልነው።

ሌሶቶ ተራራ ላይ ቅጠሉ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚጠመዘዝ እሬት አለ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ አበባ ነው። ሰው ለጌጥ እየነቀለ ወሰደው፣ የተወሰደው አብዛኛው ሞተ፣ አሁን ጭራሽ ከዱር ተነቅሎ ለንግድ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። እኛ እዚያ እስክንደርስ ለምን እንጠብቃለን?

ያን ቀን ከክምሩ አራቱን አንስቼ እዚያው የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በእጄ ከተትኳቸው። የቀረው እስከ ጥቅምት እንደተከመረ ነበር፣ ቅጠሉ ቀልቶ ተሸብሽቧል፣ መሃሉን ገለጥ ሳደርገው ግን አረንጓዴ ነው፣ ሦስት ወር ሙሉ ሥሩ አፈር ሳይነካ! ከዚያ ከብት ረገጠውና አለቀ። የተከልነው ችግኝም ቦታው አለት ስለሆነ ጥር ላይ አብዛኛው ደርቆ አገኘሁት፣ አራቱ እሬቶቼ ግን ይዘዋል፣ አንዷ ከጎኗ ልጅ አውጥታለች።

ችግኝ አይተከል አላልኩም፣ እሬት ካለበት ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ይቆፈር ነው የምለው። መንገድ ሆኖ የግድ መነሳት ካለበትም በዚያው ቀን እዚያው ገደል ላይ ይመለስ። ለመድኃኒት የምትፈልጉም ከታች አንድ ቅጠል ቁረጡ፣ መሃሏን አትንኩ። ባህር ዛፍ የሚያፈሉ ችግኝ ጣቢያዎች የሴቴ እሬትን ዘር ለቅመው ቢያፈሉም ደስ ይለኛል።

ሐምሌ እየደረሰ ነው። ዘንድሮ የሚያስቆፍሩት ሰዎች ይሄን ካነበቡ ከቁፋሮው በፊት ይጥሩኝ፣ እሬቱ ያለበትን እየዞርኩ በኖራ ምልክት አደርግላቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ
ከደጀን፣ ምሥራቅ ጎጃም